ወርቅ በወጣበት መንገድ የገባ ዶቃ

የጌጣጌጥን ታሪክ ለመተረክ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የመንገድን ታሪክ መተረክ ግድ ይሆንበታልና፣ የወለጋን እናቶች አንገት ለብዙ ዘመን ያስጌጠው ዶቃና ጨሌ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የፈለግን እንደ ሆነ፣ ፍለጋችንን ከነቀምት እጅግ ርቀን፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከጥንታዊው የአዱሊስ ወደብ ልንጀምር ይገባናል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙን ሳያኖር ያለፈ አንድ መርከበኛ ነጋዴ በጽርእ ቋንቋ በጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ የሚገባውን ሸቀጥ ሲዘረዝር፣ በግብፅ አገር በዲዮስጶሊስ ከተማ የሚሠሩትን ልዩ ልዩ የብርጭቆ ፈርጦች፣ ለጌጥም ተቆራርጦም ለገንዘብ የሚያገለግለውን ናስ፣ ሴቶችም አምባርና አልቦ የሚያሠሩበትን መዳብ ለይቶ ይጠቅሳል። እንግዲህ ባዕድ ብርጭቆ የኢትዮጵያን ሴት አንገት ማስጌጥ የጀመረው ትናንት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወደ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ዐፄ ካሌብ በአክሱም በነገሡበት ወራት አዱሊስን በዓይኑ ያየው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የዚያኑ መንገድ ሌላኛውን ጫፍ ያሳየናል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ሰዎች ወደ ሳሱ አገር እንደሚልክ፣ ከእነርሱም ጋር ከ500 የሚበልጡ ነጋዴዎች ላም፣ ጨውና ብረት ይዘው እንደሚጓዙ፣ በዚያም ሲደርሱ በእሾህ አጥር ተከልለው ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ እንደሚያኖሩ፣ የአገሩም ሰዎች ቀርበው በወደዱት ዕቃ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ወርቅ አስቀምጠው ወደ ኋላ እንደሚሉ፣ ባለ ዕቃው ወርቁ በቂ መስሎ ከታየው እንደሚያነሣው፣ ካልታየው ግን ጭማሪ እንደሚጠብቅ፣ ይህም ሁሉ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ እንደሚፈጸምና ለደርሶ መልሱ ስድስት ወር እንደሚፈጅ ጽፏል። ይህ ሳሱ የተባለው አገር ከዛሬው ወለጋ በስተ ምዕራብ ሰሜን፣ ከቤኒ ሻንጉልና ከፋዙግሊ ዙሪያ እንደ ነበረ የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ። ግምታቸው እውነት ቢሆን፣ የዚህ ምድር ወርቅ ለባሕር ማዶ ሰዎች ቅርጽ ያለው ጌጥ ለመሆን ገና በዚያ ዘመን ከአገሩ መውጣት ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ስለ ተከታዮቹ ብዙ መቶ ዓመታት የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ ፈጥነን እንለፈው። የመጫ ኦሮሞ ጎሣዎች ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ ከጊቤና ከዴዴሳ ወንዞች ማዶ ባለው ምድር ተስፋፍተው ሲሰፍሩ፣ ለጌጥ የሚሆናቸውን ነገር በመጀመሪያ የሰጣቸው ያው የሰፈሩበት አገር ነበር። ዱሩ የዝሆን ጥርስ ሰጠ፤ ዝሆን የገደለ ጀግናም ከጥርሱ የተፈለፈለ አምባር በክንዱ ያጠልቅ፣ ከጅራቱ ጸጉር የተጎነጎነ ቀለበት በጣቱ ያደርግ ነበር። ከብቱ ቀንድና ቆዳ፣ ምድሩም ብረት ሰጠ። ከሩቅ የመጣው ዛጎል ነበር፤ እርሱም ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ተለቅሞ፣ ከወደብ ወደ ወደብ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ እስከ ዓባይ ማዶ ይደርስ ነበር። ሴቶች ለልጅ በረከት የሚይዙት፣ በቆዳ ጠፍር ላይ ዛጎል የተሰፋበት ጫጩ፣ ቃሉ የተባሉት የእምነት መሪዎችና የገዳ አባቶች በግንባራቸው የሚያስሩት የብረት ቀለቻ፣ ከዚህ አሮጌ ሥርዓት የወጡ ናቸው። በጊቤ ነገሥታት ዘንድ ደግሞ የወርቅ አምባር የንጉሥ ምልክት ስለ ነበረ፣ ማንም ሰው ስላማረው ብቻ ሊያጠልቀው አይችልም ነበር። ስለዚህ ጌጥ በዚህ አገር ውበት ከመሆኑ አስቀድሞ ማዕርግ ነበረ።

የዶቃው ታሪክ በሙላት የሚጀምረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተዘረጋው የሲራራ መንገድ ነው። ከጎንደርና ከምጥዋ የሚመጣው ነጋዴ በጎጃም የባሶን ገበያ ረግጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ ወደ አሰንዳቦ፣ ከዚያም በሌቃ ወደ ቢሎ፣ ከቢሎም እስከ ሊሙ እናርያ ድረስ ይዘልቅ ነበር። የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ካህን ማሳያ፣ በሕዝቡ ዘንድ አባ መስያስ የተባሉት፣ በ1845 ዓ.ም. መጥተው የመጀመሪያውን ቤታቸውን የሠሩት በዚሁ በአሰንዳቦ ነው። ወደ ሰሜን የሚወጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ እንዲሁም ሲነገር የሚያሳዝነው ባሪያ ሆኖ የሚነዳው ሰው ነበር። ወደ ደቡብ የሚወርደው ግን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብና የብርጭቆ ዶቃ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ የተደረገውን ልውውጥ አስቦ ልቡ የማይነካ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ምድሪቱ ክቡሩን ማዕድን አውጥታ ሰጥታ፣ በምትኩ አሸዋ ቀልጦ የተሠራውን ፈርጥ ተቀበለች። ይሁን እንጂ የተቀበለችውን ፈርጥ እንደ ተቀበለችው አላስቀረችውም፤ ይህን በኋላ እናየዋለን።

የዶቃው መነሻ በአብዛኛው የቬኒስ ከተማ ነበረ። በዚያ ከተማ የብርጭቆ ምድጃዎች እሳት እንዳያስነሡ በ1291 እ.ኤ.አ. ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲዛወሩ ከታዘዘ ወዲህ፣ የብርጭቆ ጥበብ የደሴቲቱ ርስት ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል። አሠራሩም የሚያስደንቅ ነው። ሠራተኛው በቀለጠው ብርጭቆ መካከል የአየር ቀዳዳ አድርጎ፣ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን በብረት ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ እየሮጡ ሲጎትቱት፣ ብርጭቆው ይረዝምና ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ጤፍና እንደ ምስር አድርገው ይከረክሙታል፤ ቀዳዳው እንዳይደፈን ኖራና የከሰል ዱቄት ሞልተው በእሳት ላይ ሲያዟዙሩት ስለቱ ጠፍቶ ክብ ይሆናል። ትልልቁና ባለ ዝንጉርጉሩ ግን በመብራት ነበልባል ላይ በሽቦ እየተጠመጠመ አንድ በአንድ ይሠራል። ውስጡ ነጭ ውጪው ቀይ የሆነው ዶቃ በአፍሪካ ምድር እጅግ የተወደደ ነበር፤ ከቀይ ብርጭቆ አንዳንዱ ዓይነት ያንን ጥልቅ ቀለም የሚያገኘው ጥቂት ወርቅ በውስጡ ሲሟሟ መሆኑን ስናስብ፣ ወርቅ ሰጥቶ ዶቃ የተቀበለው አገር አልፎ አልፎ ከወርቅ እጅግ ጥቂቱን በቀይ ቀለም ተሰውሮ መልሶ ተቀብሎ ይሆናል።

በቬኒስ ድኾች ሴቶች በየደጃፋቸው ተቀምጠው፣ ረጃጅም መርፌዎችን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው፣ ጥቃቅኑን ዶቃ በክር እየሰኩ በእስር ያዘጋጁት ነበር። ያው እስር በወለጋ ከሲራራው ጭነት ተፈትቶ በሌላ ሴት እጅ ሲገባ፣ ፈትላ በቅቤ ባሸችው የጥጥ ክር ወይም በቀጭን ጠፍር እንደ ገና ይሰካል። እነዚህ ሁለት ሴቶች በሕይወታቸው ሳይተዋወቁ አንድን ዶቃ በየጣታቸው አልፈውታል፤ የዶቃው ሁለተኛ ልደት ግን በወለጋይቱ ሴት እጅ የሆነ ይመስለኛል፤ እርስዋ ቀለሙን በሥርዓት ደርድራ ጨሌ ታደርገዋለችና።

ጨሌ በምዕራብ ኦሮሞ እናቶች ዘንድ ተራ የአንገት ጌጥ አልነበረም። ሴቲቱ ለልጅና ለቤት በረከት በምትለምንበት በአቴቴ ሥርዓት፣ ጨሌው ከማኖሪያው ወጥቶ በቅቤ ይቀባል፤ በቤት ውስጥ የሚገባውን ክብር ይቀበላል። የቀለሙ አደራደር የየራሱ ምክንያት አለው፤ ባለቤቲቱ ስትሞት ለሴት ልጅ ይተላለፋል፤ በችግር ቀን እንኳ እንደ ሌላው ንብረት አይሸጥም። ለብዙ ዓመታት በወለጋ የኖሩት የሆላንድ ካህን ላምበርት ባርትልስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት መጽሐፍ ስለ እነዚህ ሥርዓቶች በሰፊው ጽፈዋል። አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ በጭነት የመጣ የንግድ ዕቃ እንዲህ ያለ ክብር ማግኘቱ፣ የሕዝብ ልቡና በገንዘብ የገዛውን ነገር የራሱ አድርጎ የመቀደስ ታላቅ ኃይል እንዳለው ያስረዳል። በዋጋ መዝነን ወርቁ ወጥቶ ዶቃው ገባ ብለን ያዘንን ሰዎች፣ እኒህ እናቶች ለነገሩ ሌላ ሚዛን እንዳላቸው ልንሰማ ይገባናል።

በዚሁ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወርቁን የሚፈልገው ዓይን እየበዛ ሄደ። በ1820 እ.ኤ.አ. የግብፁ መሐመድ ዓሊ የልጁን የእስማኤል ፓሻን ጦር ወደ ሱዳን ሲያዘምት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የፋዙግሊ ወርቅ ነበር፤ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያም መሐመድ ዓሊ ራሱ ሽማግሌ ሳለ ፋዙግሊ ድረስ ወርዶ አይቷል። በኢትዮጵያ ወገን ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የዓባይ ማዶን ምድር ለመያዝ ሲፎካከሩ ቆይተው፣ በ1874 ዓ.ም. በጉድሩ በእምባቦ ተዋጉ፤ ድሉም ለሸዋ ሆነ። የሌቃ ነቀምቱ ሞቲ ሞረዳ በከሬ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ጠበቁ። ልጃቸው ኩምሳ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ተብለው፣ በደጃዝማችነት ማዕርግ ነቀምትን ለረጅም ዘመን አስተዳደሩ። በስተ ምዕራብ ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒ ሻንጉልን ባስገበሩ ጊዜ፣ ወርቅ የሚወጣባቸው ወንዞች አብዛኞቹ በአንድ መንግሥት ሥር ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ የወለጋ ስም በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ከወርቅ ግብር ጋር ተያይዞ ይጠራ ነበር። በነቀምት ባለው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ቤት ተጠብቀው የኖሩትን ደብዳቤዎች ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪውልዚና የታሪክ መምህሩ ተሰማ ተኣ ሰብስበው በ2004 እ.ኤ.አ. አሳትመዋቸዋል፤ ስለ ወርቅ ግብር የተጻጻፉትን ያነበበ ሰው፣ የወርቁ ነገር የቤተ መንግሥቱን ልብ ምን ያህል እንደ ያዘ ይረዳል። ያንን ወርቅ ግን የሚያወጣው ገባሩ ነው። ክረምቱ አልፎ ጎርፉ ሲቀንስ፣ ወንድም ሴትም በወንዝ ዳር ቆሞ፣ አሸዋውን በገበቴ እያጠበ፣ ቀላሉ አፈር በውሃ ሲሄድ ከባዱ ወርቅ በገበቴው ታች ይቀራል፤ የተገኘውም ብናኝ በትልልቅ የወፍ ላባ ዘንግ ውስጥ ተሞልቶ ይቀመጥ ነበር። ሚዛኑ ወቄት ነው፤ ወቄቱም በአንድ ጠገራ ብር ክብደት፣ ማለት በ28 ግራም ገደማ ይመዘን ነበር።

ይህ ጠገራ ብር ራሱ በጌጡ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞቱበትን፣ በላዩ የተጻፈውን የ1780 እ.ኤ.አ. ዓመት ሳይለውጥ ለብዙ ዘመን እየተመታ በምሥራቅና በአፍሪካ ገበያ የገባው ይህ ገንዘብ፣ ከ1,000 እጅ 833 እጁ ጥሩ ብር ስለ ሆነ፣ ለአንጥረኛው የገንዘብ መልክ ያለው ጥሬ ዕቃ ነበረ። ምኒልክ በስማቸው የብር ገንዘብ ካስመቱ በኋላ እንኳ ሕዝቡ ይበልጥ ያመነው ጠገራውን ነበር። ሴት ልጁን የሚድር አባት ጠገራዎቹን ቆጥሮ ለአንጥረኛ ያስረክባል፤ አንጥረኛውም በዚያ ክብደት ልክ ድሪ፣ ጉትቻ፣ አልቦ ወይም ወለባ ሠርቶ ይመልሳል፤ የእጁን ዋጋ ለብቻ ይቀበላል። ጌጡ ችግር በመጣ ቀን ተመልሶ ሊቀልጥ የሚችል የቤት ሀብት ስለ ነበረ፣ የአገሩ ሴት የቤቷን ጥሪት በአንገቷና በእግሯ ተሸክማው ትሄድ ነበር።

የአንጥረኛው ጥበብ በትዕግሥት የሚፈጸም ነው። ከሰል በወናፍ እየነፋ ብሩን በሸክላ ማቅለጫ ያቀልጣል፤ በቅርጽ አፍስሶ ዘንግ ያደርገዋል፤ ዘንጉን እየቀጠቀጠና በእሳት እያለዘበ ያቀጥነዋል፤ ከዚያም ከሰፊ እስከ ጠባብ ቀዳዳ ባሉት የብረት ሰሌዳ ውስጥ በጉጠት እየሳበ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ያወጣል። ሁለቱን ሽቦ አብሮ ይገምደዋል፤ በጠፍጣፋው ብር ላይ በጥምዝምዝ ያኖረዋል፤ ጥቃቅን የብር ፍሬዎችንም በመካከሉ ይደረድራል። ለማጣበቅ የሚቀላቅለው ብርና መዳብ ከጌጡ አስቀድሞ እንዲቀልጥ ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ ቦረክስም ይጨምርበታል። እሳቱ ከልኩ ቢያልፍ ሁሉም አንድ ላይ ፈስሶ የሳምንቱ ድካም ይጠፋል። ለመስቀልና ወፍራም ቅርጽ ላለው ሥራ ግን በሰም አስቀድሞ ቅርጹን ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አፍስሶ፣ ባዶውን ስፍራ በቀለጠው ብር ይሞላል።

እንዲህ ያለውን ጥበብ የያዘ ሰው ግን በአገራችን ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። በአማርኛ ጠይብ፣ በኦሮሞኛ ቱምቱ የሚባለው ባለ እጅ፣ የሠራው ጌጥ በንጉሥ አንገት ሲከበር እርሱ ራሱ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ ማስነገራቸው፣ ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል። አዋጁ ልማዱን በአንድ ቀን አልነቀለውም፤ ይሁን እንጂ ይህን መሰል ፍርድ ከዙፋን መነገሩ ታላቅ ነገር ነበረ።

በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል ለዶቃው ሌላ በር ከፈተ። በባሮ ወንዝ ላይ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ስፍራ ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ስለ ተፈቀደ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጋምቤላ ተከፈተ፤ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ እስከዚያ ይደርስ ጀመር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጎሬ፣ በሳዮ፣ በጊምቢና በነቀምት ሱቅ ከፈቱ። ቡና፣ ቆዳና ሰም ወጣ፤ ጨው፣ አቡጀዲና ዶቃ ገባ። የዓባይን ቁልቁለት በበቅሎ ይወርድ የነበረው ዶቃ አሁን በመርከብ መጣ፤ ዋጋው ረከሰ፤ ከቬኒሱም ጋር የቦሄሚያው የያብሎኔጽ ዶቃ በገበያ ታየ።

በቆላው በኩል የሚኖሩት አኙዋኮች ግን የዶቃን መርከስ የማይቀበል ሥርዓት ነበራቸው። ዲሙይ የሚሉት ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ የጥሎሽ ገንዘብ ነው፤ ከአባቶች የተወረሰ እንጂ በሱቅ የሚገዛ ስላልሆነ፣ አንድ ወንድም በእኅቱ ጋብቻ የተቀበለውን ዲሙይ ለራሱ ሚስት ማግቢያ ይሰጣል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ አኙዋክ መንግሥት በጻፈው ሥራ፣ የመኳንንቱ የሥልጣን ምልክት ራሱ የዶቃ ሐብል እንደ ሆነ፣ ስለ እርሱም እንደሚዋጉ ገልጿል። ደጋው ዶቃን ለጸሎት ሲያከብረው፣ ቆላው ለጋብቻና ለዙፋን አክብሮታል።

በ1910ዎቹ ዓ.ም. በወለጋ በዩብዶ ፕላቲኒየም መገኘቱ ብዙ ተወርቶለታል፤ ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶም በማዕድኑ ሥራ ስሙ ይነሣል። በጌጥ ታሪካችን ግን ፕላቲኒየም ምንም ስፍራ የለውም፤ ለማቅለጥ ከብር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ግለት ስለሚፈልግ የአገር ወናፍ አይችለውም ነበርና፣ ከመሬት እንደ ወጣ ወደ ውጭ ሄደ።

ጨሌን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የነካው የሃይማኖት ለውጥ ነው። ነቀምት ክርስትናን ከገዥዎቿ ጋር ተቀብላ ማተብ በብዙ አንገት ታሰረ። በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ የተመለሱት፣ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮሞኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ የተከሉት የወንጌል ትምህርትም እየሰፋ ሄዶ፣ በ1951 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት ወለጋ ከዋና መሠረቶቿ አንዱ ነበር። ሃይማኖቱን የለወጠ ቤተሰብ ጨሌውን የአሮጌው አምልኮ ዕቃ ነው ብሎ ይጥለው፣ ያቃጥለውም ነበር። በሕሊናቸው ያደረጉትን እኔ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ስንት ትውልድ የተላለፈ የቀለም አደራደር፣ የእናቶች ስም ጭምር፣ በዚያ እሳት እንደ ጠፋ ሳስብ ኀዘን ይሰማኛል። የጠፋው ብርጭቆ ሌላ ብርጭቆ ይተካዋል፤ አደራደሩን የሚያውቀው ሰው ግን ከሞተ አይተካም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት እየተሰናበተ ሲሄድ፣ በየቤቱ ተቀብሮ የነበረው ብዙ ጠገራ ወደ አንጥረኛው ማቅለጫ ገባ። በዚህ ዘመን ደምቢ ዶሎ በወርቅ ሠሪዎቿ ስም አገኘች፤ ዛሬም ድረስ የከተማይቱ ስም ሲነሣ ከጠጇ ጋር አብሮ የሚጠራው የወርቅ ሥራዋ ነው። ወለጋ ለብዙ ዘመን ወርቋን ጥሬውን ስትልክ ኖራ፣ በዚህች ከተማ አንዳንዱ በልጆቿ እጅ ቅርጽ አግኝቶ ለልጆቿ ጣት መዋሉ ደስ ያሰኛል። የጋምቤላው የንግድ ጣቢያ ግን ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመኪና መንገዱም እየተሻሻለ ሄዶ ንግዱ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ርካሹ የፕላስቲክ ዶቃ ብርጭቆውን ከገበያ ገፋው፤ ናይሎን ክርም ጠፍሩንና ጥጡን ተካ። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ፣ ኢሬቻም መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከበረ ወዲህ፣ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለም የተደረደረበት ጨሌ በወጣቶች አንገት በብዛት ይታያል። የሚሠራው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ አዲስ ዶቃ ቢሆንም፣ የሠሪዎቹ እጅ የዚህ ትውልድ ስለ ሆነ በደስታ ልንቀበለው ይገባል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሮጌው ሐብል ክሩ ሲበጠስ ፍሬው ከአዲሱ ፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ገና ይሰካል፤ በዚያን ጊዜ የትኛው ዶቃ ከአያት እንደ መጣ፣ በየትኛው ቀለም አጠገብ ይቀመጥ እንደ ነበረ የሚለይ አይኖርም። በነቀምት የሚገኘው የወለጋ ሙዚየም የአገሩን ንዋይ ለመሰብሰብ የቆመ ነውና፣ ሐብሉን ብቻ ተቀብሎ በመስተዋት ውስጥ ከማኖር ይልቅ፣ ገና በሕይወት ያሉትን እናቶች አስቀምጦ የእያንዳንዱን ዶቃ ስም፣ ከማን እንደ ተወረሰ፣ ከየትኛው ቀለም ቀጥሎ እንደሚሰካ፣ በየትኛውም ቀን እንደሚወጣ በራሳቸው ቃል ቢያስጽፍ መልካም ነው፤ ክሩ ገና ሳይበጠስ።